የሰብዓዊ መብት ፕሮጀክት ውል ከመፈረሙ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሥራ ማስታወቂያ ገጾቻችሁ ላይ «የሰብዓዊ መብት ፕሮጀክት ኦፊሰር» የሚል መደብ በየጊዜው ይወጣል። መስፈርቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በሕግ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ ዲግሪ፣ የሪፖርት አጻጻፍ ችሎታ፣ የኮምፒውተር ዕውቀት፣ በጫና ውስጥ የመሥራት ብቃት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሁለት ነገር ያጣበታል። አንደኛው ውል አንብቦ መደራደር መቻል ነው፤ ሁለተኛው የዓለም አቀፍ አካላትን የጊዜ ሰሌዳ ማወቅ። አንባቢውም ቢሆን ይህን ሙያ ከስብሰባና ከውሎ አበል አርቆ አያየውም። እኛ በዘርፉ የምንሠራ ባለሙያዎች ስለሆንን፣ ሥራው በተግባር ምን እንደሆነና የት ላይ እንደሚበላሽ ለማስረዳት ይህን ጽፈናል።

አንድ የሰብዓዊ መብት ፕሮጀክት ሲበላሽ ጥፋቱ መስክ ላይ ይታያል እንጂ የተፈጸመው አብዛኛውን ጊዜ ውሉ የተፈረመ ዕለት ነው። ለጋሾች የሚጠይቁት ቅጽ በጠቅላላው ለልማት ሥራ የተዘጋጀ ነው። ውኃ ለተቆፈረለት ወይም ክትባት ለተሰጠው ሰው ስሙ መመዝገቡ አይጎዳውም። በእስር ላይ ለተገረፈ ሰው ግን ስሙ የሰፈረበት ወረቀት ሁሉ ስጋት ነው። ኦፊሰሩ ደመወዝ የሚበላው ያንን ቅጽ ለዚህ ሰው በሚሆን መንገድ ለማስተካከል ነው፤ ይህም የሚቻለው ከፊርማው በፊት ነው። ከፊርማ በኋላ ድርድር የለም፤ ልመና ነው።

አንድ ተራ ነገር እናንሳ፤ አቴንዳንስ የምንለውን የተሳታፊዎች መፈረሚያ። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ቦታ፣ ስልክ ቁጥር፣ ፊርማ። ለምሳና ለመጓጓዣ የወጣውን ገንዘብ ኦዲተር የሚያረጋግጠው በዚህ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አምስተኛው ፈራሚ የአራቱን ስልክ ያነባል። ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስካን ታደርገዋለች። በማግስቱ ከክፍያ ሰነዱ ጋር ተያይዞ ለአጋር ድርጅቱ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ለለጋሹ በኢሜይል ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላው በደል የደረሰባቸው ሰዎች ስም ከነስልካቸው አራት ቦታ ተቀምጧል። ክፉ ያሰበ ማንም የለም፤ ሁሉም ግዴታውን ነው የተወጣው።

መውጫው ከባድ አይደለም፤ ብቻ ውሉ ውስጥ መግባት አለበት። በውሉ ልዩ ሁኔታዎች ክፍል የተጎጂዎች ስብሰባ ወጪ በምን እንደሚረጋገጥ በግልጽ ይጻፋል፦ የስንት ሰው ምግብ እንደቀረበ የሚያሳይ የአዳራሹ ደረሰኝ፣ ሁለት አስተባባሪዎች ቆጥረው የፈረሙበት የተሳታፊ ብዛት፣ በስም ፋንታ በመለያ ቁጥር የተሞላ የመጓጓዣ ክፍያ ሰነድ። ስምና መለያ ቁጥሩን የሚያገናኘው መዝገብ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ቢሮ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ኦዲተሩ መጥቶ የፈለገውን ያህል ናሙና እዚያው ያያል፣ ቅጂ ግን አይወስድም። ለጋሾች ይህን አይቀበሉም ብለው የሚፈሩ አሉ። ቀድሞ ሲቀርብላቸው በርካቶቹ ይቀበላሉ። የማይቀበሉት ኦዲት መጥቶ ወንበር ከሳበ በኋላ «ዝርዝሩን ማሳየት አንችልም» ሲባሉ ነው፤ ያኔ ወጪው ውድቅ ይሆንና ድርጅቱ ከራሱ ካዝና ይመልሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በጀቱም እንዲሁ ነው። ጀማሪ ኦፊሰር ሥልጠናን፣ ኅትመትንና ጉዞን አሳምሮ ያሰላል፤ ሰው ሲዛትበት የሚያስፈልገውን ግን መስመር አያወጣለትም። ለምስክር ጊዜያዊ ማረፊያ፣ ለጠበቃ፣ ለሕክምና፣ ለሥነ ልቦና ድጋፍ፣ ለሠራተኞች ስልክና ኮምፒውተር ደኅንነት የሚሆን ገንዘብ በስሙ ተጠርቶ መግባት አለበት። «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተመዘገበ ገንዘብ ሲያስፈልግ አይለቀቅም። ውሉ ምን ያህል ማዛወር እንደሚፈቅድም ከወዲሁ ይታወቅ። በተለመደው የአውሮፓ ኅብረት የድጋፍ ውል ለምሳሌ በዋና ዋና የበጀት ርዕሶች መካከል እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ለውጥ ውሉን ሳያሻሽሉ በማሳወቅ ብቻ ይቻላል፤ የአስተዳደር ወጪ ደግሞ ከቀጥታ ወጪዎች 7 በመቶ አይበልጥም። ይህን የማያውቅ ኦፊሰር በራሱ መብት ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ፈቃድ እየጠየቀ ሁለት ወር ያቃጥላል፤ የባሰበት ደግሞ ሊፈቀድለት የማይችለውን አድርጎ ያርፋል።

ኦዲተር ዓይኑን የሚጥልበት ሌላው ቦታ የሠራተኛ የሥራ ሰዓት መዝገብ ነው። አንድ የሕግ ባለሙያ ከአንዱ ለጋሽ 60 በመቶ፣ ከሌላው 50 በመቶ ደመወዝ ሲከፈለው ድምሩ 110 ይሆናል። ሁለቱ ሪፖርቶች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ሰው ስለሚዘጋጁ ቢሮው ውስጥ ማንም አያስተውለውም። ኦዲተሩ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ «ስህተት ነው» ቢባል የሚሰማ የለም። በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም ፕሮጀክቶች በአንድ ሠንጠረዥ ማስታረቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ወደ ይዘቱ እንምጣ። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚል ግብ የተጻፈበት ፕሮፖዛል ገና ከጅምሩ ውኃ አያነሳም። ማን፣ ምን ነገር፣ ከዚህ በፊት ያላደረገውን በተለየ መንገድ ያደርጋል? ፖሊስ ጣቢያው የታሳሪ መዝገቡን በየዕለቱ ይሞላል ወይ? ዐቃቤ ሕጉ የድብደባ አቤቱታ ሲቀርብለት የሕክምና ምርመራ ያዛል ወይ? ግብ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው መመሪያ አመልካቾችን፣ ማለትም ለውጥ የሚታይባቸውን መለኪያዎች፣ የመዋቅር፣ የሂደትና የውጤት ብሎ በሦስት ይለያቸዋል። ማሰቃየትን በተመለከተ አገሪቱ ድርጊቱን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ማጽደቋና ድርጊቱን በወንጀል ሕጓ መከልከሏ የመዋቅር ነው፤ ከቀረቡ አቤቱታዎች ምን ያህሉ እንደተመረመሩ የሂደት ነው፤ በደሉ በሰዎች ላይ መድረሱን ወይም መቀነሱን የሚያሳየው የውጤት ነው። የሁለት ዓመት ፕሮጀክት በእጁ ያለው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። የመጨረሻውን አመጣለሁ ብሎ የፈረመ ሰው በእጁ ያልሆነውን ነገር ሊያስረክብ ተስማምቷል።

አንድ ወጥመድ ለብቻው ይጠቀስ። የአቤቱታ ስልክ መስመር የሚከፍት ፕሮጀክት «የአቤቱታዎች ቁጥር በ30 በመቶ ይቀንሳል» የሚል አመልካች ይዞ ይገኛል። መስመሩ ሲታመን ደዋይ ይበዛል፤ ስለዚህ ሥራው በተሳካ ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ ውድቀት ሆኖ ይነበባል። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ እንደሚጨምርና ለምን እንደሆነ በፕሮፖዛሉ የታሳቢዎች ዓምድ ውስጥ ቀድሞ መጻፍ ይገባል። መለኪያውም ይለወጥ፦ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያገኙት ከመቶ ስንት እንደሆኑ፣ ምክንያቱ ተገልጾ የተዘጉት ስንት እንደሆኑ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የደወሉት ስንት እንደሆኑ። የመጨረሻው በተለይ ብዙ ይናገራል፤ ያልረዳው ቦታ ተመልሶ የሚደውል ሰው ጥቂት ነውና። ለዚህ ሁሉ የመነሻ መረጃ ያስፈልጋል። ፕሮጀክቱ ከተጀመረ በስምንተኛው ወር የተሰበሰበ መረጃ መነሻ አይባልም።

የጊዜ ሰሌዳውን ነገር ብዙ ቢሮዎች ዘግይተው ያስቡታል። በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የሚካሄደው፣ አገሮች የአንዳቸውን የሰብዓዊ መብት ይዞታ ሌላው የሚገመግሙበት ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ እያንዳንዱን አገር በአራት ዓመት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ያያል፤ በዓመት 42 አገሮች፣ በሦስት ጉባኤ። የሲቪል ማኅበረሰብ ጽሑፍ የሚገባው ከግምገማው ወራት ቀድሞ ነው። አንድ ድርጅት ብቻውን ሲያቀርብ ከ2,815 ቃላት፣ ድርጅቶች በጋራ ሲያቀርቡ ከ5,630 ቃላት መብለጥ የለበትም። የ24 ወር ፕሮጀክት የጽሑፍ ማስገቢያው ቀን ካለፈ በኋላ ተጀምሮ፣ ቀጣዩ ዙር ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ «ለግምገማው ጽሑፍ ማዘጋጀት» የሚለውን ተግባር አውጥቶ፣ ባለፈው ግምገማ ከሌሎች አገሮች ቀርበውለት መንግሥት የተቀበላቸውን ምክረ ሐሳቦች አፈጻጸም መከታተልን መተካት ይሻላል። ለነገሩ ይህኛው ብዙ ጊዜ የበለጠ ፍሬ አለው፤ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የውጭ ሰው ሐሳብ ይዞ ለሚመጣ ኦፊሰር በሩን ባይከፍት እንኳ፣ መንግሥቱ ራሱ «ተቀብያለሁ» ያለውን ይዞ ለመጣ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ጽሑፉ ሲዘጋጅ የድርጅቶች ሁሉ መረጃ በመጨረሻ በአሥር ገጽ ገደማ እንደሚጠቃለል ማወቅ ይጠቅማል። ጽሑፎቹን የሚያጠቃልለው ሠራተኛ እንዳለ አንስቶ ሊያስቀምጠው የሚችል አጭር፣ በተራ ቁጥር የተለየ አንቀጽ ይተርፋል፤ ረጅም ሐተታ ይቀራል። የአንድ አገር ግምገማ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚህ ውስጥ 70 ደቂቃው የራሷ የተገምጋሚዋ አገር ነው፤ የቀረውን 140 ደቂቃ ለመናገር የተመዘገቡት አገሮች ሁሉ ይካፈሉታል። ስለዚህ ሐሳባችንን እንዲያነሱልን ለእነዚህ አገሮች ኤምባሲዎች የሚሰጠው ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥ፤ ሁለት ወይም ሦስት ምክረ ሐሳብ፣ ቃል በቃል ሊነበብ በሚችል መልኩ የተጻፈ። ሃያ ምክረ ሐሳብ የያዘ ሰነድ ይዞ የሄደ ኦፊሰር አንዱም አይነበብለትም።

በአህጉር ደረጃ ያለው መንገድ የራሱ ጠባይ አለው። መቀመጫው ባንጁል የሆነው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀበልባቸው ሁኔታዎች በቻርተሩ አንቀጽ 56 ተዘርዝረዋል። የአገር ውስጥ መፍትሔ ተሞክሮ ማለቅ እንዳለበት ብዙ ሰው ያውቃል። ሁለቱ ግን ይዘነጋሉ፤ አቤቱታው የተከሰሰውን መንግሥት በሚያዋርድ ወይም በሚሳደብ ቃል መጻፍ የለበትም፤ በመገናኛ ብዙኃን በተሰራጨ ዜና ላይ ብቻ የተመሠረተም መሆን አይችልም። የሁለተኛው ትርጉም ለጋዜጣ አንባቢ ግልጽ ይመስለናል፦ የታተመ ዘገባ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ምስክሩን ማግኘት ግን አሁንም የኦፊሰሩ ሥራ ነው።

ምስክርነት መቀበል ላይ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ፈቃዱ ነው። በተለመደው ቅጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «የሰጠሁት መረጃ ለሰብዓዊ መብት ሥራ እንዲውል ፈቅጃለሁ»። ይህ ፈቃድ አይደለም፤ ሰውየው ምን እንደፈቀደ አያውቅምና። ቢያንስ አምስት ጥያቄ ተለያይቶ ለየብቻው ይጠየቅ። ቃልህ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይያዝ ወይ? ስምህ ሳይጠቀስ በሪፖርት ይውጣ ወይ? ስምህን ይዞ ለተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ይላክ ወይ? ስምህ ለመንግሥት ይድረስ ወይ? በይፋ ይታተም ወይ? ሦስተኛውን የፈቀደ አራተኛውን ፈቅዷል ማለት አይደለም፤ በአሠራሩ ግን ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ልዩ ራፖርተሮች የሚባሉት ለመንግሥት በሚጽፉት ደብዳቤ የመረጃ ሰጪውን ማንነት በምስጢር ይይዛሉ፤ የተጎጂው ስም ግን በተለመደው አሠራር ደብዳቤው ላይ ይሰፍራል፣ መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምር። መደበኛው የክስ ደብዳቤ ለመልስ 60 ቀን ይሰጥና ከዚያ በኋላ ይታተማል። ይህን ያልተነገረው ሰው በሦስተኛው ወር ስሙን ከማያውቀው ሰው ይሰማዋል።

የሰጠውን ፈቃድ መልሶ የሚያነሳበት መንገድም ይነገረው፦ በየትኛው ስልክ፣ እስከ መቼ፣ ከታተመ በኋላስ ምን ሊደረግ እንደማይችል። ለምስክርነት ገንዘብ አይከፈልም፤ የመጓጓዣ ወጪ ይመለሳል፣ ያም ከቃለ መጠይቁ በፊት በታወቀ ልክ። የሕክምናና የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት ዝርዝር ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት እጅ ላይ ይኑር፤ ሰው አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ስልክ መፈለግ ሌላ በደል ነው። አንድን ሰው ሦስት ድርጅት በየተራ እንዳይጠይቀው ድርጅቶች ይነጋገሩ። ደጋግሞ መናገሩ ሰውየውን ያሳምመዋል፤ በትናንሽ ነገር የተለያዩ ሦስት ቃሎች ደግሞ በፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቃው እጅ ላይ ይወድቃሉ። የማሰቃየት ምልክት ካለ ሐኪም ቶሎ ይጠራ። እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋጅቶ በ2022 የተሻሻለው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል፣ የማሰቃየት ማስረጃ አመዘጋገብ ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ሐኪሙ ምን እንደሚመዘግብ በዝርዝር ያስቀምጣል፤ የኦፊሰሩ ድርሻ በዚያ የሠለጠነ ሐኪም ከነመተኪያው አስቀድሞ ማወቅና ክፍያውን በበጀት መያዝ ነው።

ስለ መረጃ አያያዝ ረጅም ነገር ማለት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ኢንክሪፕት ይደረግ፣ ማለትም ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ ይመስጠር፤ የፎቶው ፋይል ውስጥ ያለው የቦታና የሰዓት መረጃ ይጥፋ፤ የድሮ ስልክ ሳይጸዳ አይሰጥ። በተግባር ግን መረጃ የሚያመልጠው በጠላፊ ሳይሆን በኢሜይል ተያይዞ በሚዞር የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው።

ከፖሊስና ከማረሚያ ቤት ጋር የሚደረግ ትብብር ላይ ሁለት ጫፍ የያዘ ክርክር እንሰማለን፤ «ጨርሶ አይነካም» የሚልና «ሥልጠና ምን ይጎዳል» የሚል። ሁለቱም ሥራ አይሆኑም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ፖሊሲ የራሱ ተቋማት ከድርጅቱ ውጪ ለሆኑ የጸጥታ ኃይሎች ድጋፍ ከመስጠታቸው በፊት ተቀባዩ ከባድ ጥሰት የመፈጸሙን ስጋት እንዲመዝኑ አስገድዷል። ይህን መለኪያ ማንኛውም ድርጅት ሊዋሰው ይችላል። የሚሠለጥነው ክፍል የትኛው ነው? አዛዡ ማን ነው? በክፍሉ ላይ የቀረበ አቤቱታ ምን ደረሰ? ምን ቢፈጠር ድጋፉ ይቆማል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በመግባቢያ ሰነዱ ላይ ካልሰፈረ፣ ያ ነገር ሲፈጠር የድርጅቱ አርማ ያለበት የምስክር ወረቀት በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

ሪፖርት ላይ አጭር ቃል። «አምስት ሥልጠና ተሰጠ፣ 150 ሰው ተሳተፈ» የሚለው የተግባር ዝርዝር ነው። ያልሆነውን፣ ለምን እንዳልሆነና ምን እንደተለወጠ በስድስተኛው ወር መጻፍ በሃያ ሦስተኛው ወር ከመጻፍ ይቀላል፤ ለጋሹም ያኔ ለማስተካከል ጊዜ አለው። ያልተነካ ገንዘብ ይዞ የመጨረሻው ሩብ ዓመት ላይ የደረሰ ፕሮጀክት ስብሰባ ማዥጎድጎድ ይጀምራል፤ ሕዝቡ የሚያየውና የሚያማውም ይህንኑ ነው። ሐሜቱ ሁሌ ሐሰት አይደለም።

የበቀል ጉዳይ ሳይነሳ አይታለፍም። ጄኔቫ ላይ የሚካሄዱ ይፋዊ ስብሰባዎች በቀጥታ ይተላለፋሉ፤ ቅጂውም ይቀመጣል። ስለዚህ «በዝግ ነው የምናገረው» ብሎ ለሚያስብ ተናጋሪ ከጉዞው በፊት እውነቱ ይነገረው። ሲመለስ ማን እንደሚቀበለው፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ካልደወለ ማን ለማን እንደሚያሳውቅ ይጻፍ። ከተባበሩት መንግሥታት ጋር በመተባበሩ የተጠቃ ሰው ጉዳይ የሚቀርብለት ከፍተኛ ኃላፊ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ተሰይሟል፤ ዋና ጸሐፊውም በየዓመቱ በጉዳዩ ላይ ሪፖርት ያወጣል። የሚላከው መረጃ ጥቃቱንና ትብብሩን የሚያገናኝ መሆን አለበት፦ መቼ ተናገረ፣ መቼ ተጠራ፣ ሲጠየቅ ስለ ንግግሩ ምን ተባለ። ቀኖቹ ካልተጻፉ ግንኙነቱ አይታይም።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለን። ድርጅቶች ከዜና መግለጫ ጋር የተጎጂዎችን ፎቶ ይልካሉ፤ በአብዛኛው ፈቃዱ የተወሰደው ለለጋሹ ሪፖርት እንጂ ለጋዜጣ አይደለም። ፎቶው ከመታተሙ በፊት የገጹ አዘጋጅ የላከውን ኦፊሰር «ሰውየው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ፈቅዷል ወይ? መቼና ለማን?» ብሎ ይጠይቅልን። በሰዓቱ መልስ ካላገኘ ጽሑፉ ያለ ፎቶ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
በሰብዓዊ መብት ትብብር ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች